የኮሮና ቪኤልፒ፣ ሱዶቫይረስ ወይስ ናኖፓርቲክል? ለፕሮጀክታችሁ የቱ ይሻላል

ባዮቴክ፣ ማይክሮባዮሎጂ ወይ ኢሙኖሎጂ እየተማራችሁ "የማይበክል ኮሮና መሳይ ፓርቲክል እሰራለሁ" ብላችሁ ፕሮፖዛል ለጀመራችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ሀሳቡ በጣም አሪፍ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው ላብ ሳይገባ ገና ወረቀት ላይ እያለ ነው፣ ምክንያቱም ሰው በደፈናው "ቪኤልፒ" እያለ የሚጠራቸው ነገሮች የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ የሚመልሰውን ጥያቄ ሌላው አይመልስም፣ እና መጀመሪያ ያገኘውን ፔፐር ፕሮቶኮል ይዞ የገባ ሰው ስንት ወር ከለፋ በኋላ ነው የሰራው ነገር ለጥያቄው እንደማይሆን የሚገባው። ስለዚ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ያዙ፣ ፓርቲክሉ የሚመረጠው ከዛ ነው። አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መሰረቱን ቶሎ ልበልና ወደ ምርጫው እንግባ። ቪኤልፒ (ቫይረስ ላይክ ፓርቲክል) የሚባለው የቫይረሱ ቅርጽ ሰሪ ፕሮቲኖች ሴል ውስጥ ሲመረቱ በራሳቸው ተሰባስበው የሚሰሩት ፓርቲክል ነው፣ ውስጡ የቫይረሱ ጂኖም ስለሌለ ሴል ውስጥ ቢገባም አይባዛም። ይሄ ደግሞ የትናንት ነገር አደለም፣ በእርሾ የተሰራው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1986 ነው፣ እኛ አገር ህጻናት በፔንታቫለንት ውስጥ የሚወስዱትም ያው አይነት 22 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ፓርቲክል ነው። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 አመት ሴት ልጆች መሰጠት የጀመረው የኤችፒቪ ክትባትም ቪኤልፒ ነው፣ ኤል1 የሚባል አንድ ፕሮቲን ብቻ 360 ጊዜ ተደጋግሞ የሚሰራው ኳስ።

ኮሮና ጋር ስትመጡ ግን ነገሩ ይከብዳል። የኤችፒቪው ኳስ ሜምብሬን (ስስ የስብ ሽፋን) የለውም፣ አንድ ፕሮቲን ብቻውን ይበቃዋል። ኮሮና ግን ሊፒድ ማለትም ስብ የለበሰ ነው፣ ቅርጹን የሚሰሩት አራት ፕሮቲኖች ናቸው፦ ስፓይክ ማለትም ኤስ 1273 አሚኖ አሲድ፣ ኤም 222፣ ኢ 75፣ ኤን 419። በብዛት አንደኛ የሆነው ኤም ነው፣ ሜምብሬኑን የሚያጎብጠውም ሌሎቹን የሚሰበስበውም እሱ ነው። ኢ ትንሽዬና ቁጥሩም ጥቂት ነው ግን ፓርቲክሉ በደንብ ተቆርጦ እንዲወጣ ያግዛል፣ ኤን ደግሞ አርኤንኤውን እንደ ክር ጠቅልሎ ውስጥ ይይዛል። ስፓይክ ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ግን ለመሰባሰቡ ግድ አደለም፣ ስፓይክ ባይኖርም ፓርቲክሉ ይሰራል፣ ይሄን ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል።

የትኞቹ ፕሮቲኖች ይበቃሉ የሚለው ላይ ፔፐሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ። በ1996 የሆላንድ ተመራማሪዎች በአይጥ ኮሮና ላይ ኤምና ኢ ብቻ ያለ ኤን ፓርቲክል እንደሚሰሩ አሳዩ። ከዛ የ2003ቱ ሳርስ ሲመጣ አንዱ ቡድን በነፍሳት ሴል ኤምና ኢ ይበቃሉ አለ፣ ሌላው በሰው ሴል ኤምና ኤን ናቸው ዋናዎቹ አለ፣ ሌላው ደግሞ ሶስቱም ያስፈልጋሉ አለ። የሴሉ አይነት፣ የፕሮቲኖቹ መጠንና ፓርቲክሉ የተለካበት መንገድ ሁሉ ውጤቱን ይቀይረዋል። ለኮቪድ ቫይረስ ኤም የግድ መሆኑ ላይ ክርክር የለም፣ በኔ እይታ ትታችሁ የምታዩት የተለየ ጥያቄ ከሌላችሁ በስተቀር አራቱንም ክተቱ፣ ኢን ወይ ኤንን "ለማቅለል" ብሎ መተው ምርቱን ከመቀነስ ውጪ የሚያተርፈው ነገር የለም።

እሺ፣ ምርጫዎቹ። አንደኛው አራቱንም ፕሮቲን የያዘው ሙሉ ቪኤልፒ ነው። ይሄን የምትመርጡት ጥያቄያችሁ ስለ መሰባሰቡ ከሆነ ነው፣ ማለቴ ኤም ላይ የመጣ ለውጥ ምን ያደርጋል፣ ኤን አርኤንኤን እንዴት ይመርጣል፣ የሆነ መድሀኒት መሰባሰቡን ይከለክላል ወይ የሚል ነገር ከሆነ። ወይ ደግሞ ክትባት ላይ ሆናችሁ ሰውነት ከስፓይክ ውጪ ኤምንና ኤንንም እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ፣ ምክንያቱም ስፓይክ በየቫሪያንቱ ይቀያየራል፣ ኤንና ኤም ግን ብዙም አይነኩም፣ ቲ ሴል ደግሞ እነሱንም በደንብ ያውቃል። የቱርክ ተመራማሪዎች አንካራ ውስጥ በሚድል ኢስት ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲና በቢልከንት የሰሩት ክትባት እንደዛ ነበር፣ አራቱም ፕሮቲን በሰው ሴል ተመርተው፣ ስፓይኩም ቅርጹ እንዳይለወጥ ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስድስት ቦታ ገብቶበት፣ በ2021 ሰው ላይ ሙከራ ድረስ ሄዷል።

የሙሉው ቪኤልፒ ችግር አራት ጂን በአንድ ሴል ውስጥ በትክክለኛ ሬሾ ማምረት ነው። ስፓይክ በብዛት ስለጨመራችሁ ብዙ ፓርቲክል አታገኙም፣ እንደውም ሲበዛ ያበላሻል፣ ስለዚ ሬሾውን ማስተካከል ራሱ ከፕሮጀክቱ ላይ ጥሩ ጊዜ ይበላል፣ ፕሮፖዛሉ ላይ ለዚህ ጊዜ ያልያዘ ሰው ይጨነቃል።

ሌላው ችግር ባዶ ቪኤልፒ ሴል ውስጥ ይግባ አይግባ የሚነግራችሁ ምልክት የለውም። ይሄን የፈታው በ2021 ሳይንስ መጽሄት ላይ የወጣው የእነ ጄኒፈር ዳውድናና ሜላኒ ኦት ስራ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ስራ ነው። ከቫይረሱ ጂኖም ውስጥ "እኔን ጠቅልለኝ" ብሎ ለኤን ምልክት የሚሰጠውን ቁራጭ ብቻ ወስደው ሉሲፈሬዝ ከሚባለው ብርሀን ሰጪ ጂን ጋር አያያዙት፣ አራቱ ፕሮቲኖች ያንን አርኤንኤ ጠቅልለው ይወጣሉ፣ ፓርቲክሉ ኤሲኢ2 (ስፓይክ የሚይዘው የሴል ተቀባይ) ያለው ሴል ውስጥ ሲገባ ሴሉ ያበራል፣ በቃ እዛው ያልቃል፣ የቫይረስ ጂን ስላልያዘ ሌላ ፓርቲክል አይወጣም። በዚህ መንገድ ነው ቫሪያንቶቹ ላይ የታዩት የኤን ለውጦች ለፓርቲክሉ አሰራር ከባድ ሚና እንዳላቸው የታየው። በዛን ጊዜ አለም በሙሉ ስፓይክ ስፓይክ ሲል የነበረበት ጊዜ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስፓይክ ብቻ በያዘ ሲስተም ቢሆን ጭራሽ አይታይም ነበር።

ሁለተኛው ምርጫ ሱዶቫይረስ ነው፣ ማለትም የሌላ ቫይረስ አካል፣ ብዙ ጊዜ ሌንቲቫይረስ ወይ ቪኤስቪ፣ የኮሮናን ስፓይክ ብቻ ለብሶ። አንዴ ሴል ውስጥ ይገባል፣ ሪፖርተሩን ማለትም መግባቱን የሚያሳውቀውን ምልክት ያሳያል፣ ይቆማል። ጥያቄያችሁ "የዚህ ሰው ሴረም ስፓይኩን ያግዳል ወይ" ከሆነ፣ ማለትም የኒውትራላይዜሽን ስራ ከሆነ፣ ቪኤልፒ ላይ አትድከሙ፣ ሱዶቫይረስ ይበቃችኋል። ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፣ ከህያው ቫይረስ ውጤት ጋርም ጥሩ ይገናኛል፣ ህያው ቫይረስ ቢኤስኤል 3 (የላብ ጥንቃቄ ደረጃ) ሲፈልግ ይሄ በቢኤስኤል 2 ይሰራል። ከሁለቱ ቪኤስቪው ፈጣን ነው፣ በማግስቱ ታነባላችሁ፣ ሌንቲው ሁለት ሶስት ቀን ይፈልጋል። ቪኤስቪ ላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ሲሰራ የተጠቀማችሁበት የቪኤስቪው የራሱ ጂ ፕሮቲን ትርፍራፊ ፓርቲክሉ ላይ ከቀረ በስፓይክ ሳይሆን በጂ በኩል ይገባና የውሸት ሲግናል ይሰጣችኋል፣ ጂ ፕሮቲኑን የሚያግድ አንቲቦዲ መጨመር ወይ ያለ ስፓይክ የተሰራ ኮንትሮል ጎን ለጎን ማስኬድ የግድ ነው።

ሱዶቫይረስ የማይነግራችሁ ስለ መሰባሰብ ነው። ኮሮና የሚሰበሰበው ሴሉ ውስጥ ፕሮቲን በሚሰራበትና በሚያሽግበት በኢአርና በጎልጂ መሀል ባለው ክፍል ነው፣ ሌንቲና ቪኤስቪ ግን የሚወጡት ከሴሉ የውጭ ሜምብሬን ነው። ስፓይክ ደግሞ ጅራቱ ላይ "ወደ ኋላ መልሰኝ" የሚል ምልክት ስላለው ብዙዎቹ ላቦች ጅራቱን ትንሽ ቆርጠው ነው የሚጠቀሙት፣ በብዛት ውጭ እንዲደርስ። ያንን የተቆረጠ ስፓይክ ፕላዝሚድ (ጂኑን የያዘ ክብ ዲኤንኤ) ከሰው ተውሳችሁ ሙሉ ቪኤልፒ ላይ ካስገባችሁት ግን ችግር ነው፣ ቪኤልፒ ላይ ያ ጅራት ስፓይኩን መሰባሰቢያው ቦታ የሚያቆየው፣ ከኤም ጋርም የሚያገናኘው ነው። ፕላዝሚዱ ሲመጣ ሲኩዌንሱን አንብቡ፣ ስሙ ላይ "ስፓይክ" ስለተባለ ብቻ አትመኑ።

ሶስተኛው ስፓይክ ብቻ በሊፒድ ላይ የተተከለበት ፓርቲክል ነው፣ ምሳሌው የካናዳው ሜዲካጎ ኮቪፌንዝ። ኤም የለም፣ ኢ የለም፣ ኤን የለም፣ የስፓይኩን ጅራት በኢንፍሉዌንዛ ሄማግሉቲኒን ጅራት ቀየሩትና ስፓይኩ ራሱ ከእጽዋት ሴል ሜምብሬን ላይ ፓርቲክል እየሰራ ይወጣል። የሚመረተው የትምባሆ ዘመድ በሆነችው ኒኮሺያና ቤንታሚያና ቅጠል ውስጥ ነው። በየካቲት 2022 ካናዳ ፈቀደችው፣ ኤኤስ03 የሚባለው አጋዥ ተጨምሮበት ምልክት ያለውን በሽታ በመከላከል 69.5 ፐርሰንት አሳይቷል፣ ያውም ቫሪያንቶች በሞሉበት ጊዜ። ግን ፊሊፕ ሞሪስ የሚባለው የሲጋራ ድርጅት ሜዲካጎ ውስጥ ድርሻ ስለነበረው የአለም ጤና ድርጅት አልተቀበለውም፣ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ባለቤቱ ሚትሱቢሺ ኬሚካል ካምፓኒውን ዘጋው። በጣም ያሳዝናል፣ ሳይንሱ ስላልሰራ አደለም የቀረው። እናንተ ይሄን የምትመርጡት ግባችሁ ስፓይክ ላይ ያተኮረ ክትባት ሆኖ የአራት ፕሮቲን ሬሾ ውስጥ መግባት ካልፈለጋችሁ ነው።

አራተኛው ናኖፓርቲክል ነው፣ እሱ ኮሮናን በቅርጹ አይመስልም፣ በኮምፒውተር ዲዛይን የተሰራ ኳስ ላይ የስፓይኩን ተቀባይ ያዥ ክፍል፣ አርቢዲ የሚባለውን፣ መደርደር ነው። የደቡብ ኮሪያው ስካይኮቪዮን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በመጣ ዲዛይን 60 አርቢዲ ተደርድሮበት በ2022 ኮሪያ ውስጥ ተፈቅዷል። ኢሙኖጀን ማለትም የኢሙን ምላሽ የሚቀሰቅስ ነገር ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነው፣ ሜምብሬን የለውም፣ ሁሉም ፓርቲክል አንድ አይነት ይሆናል፣ ማጣራቱም ከሊፒዱ ጋር አያታግላችሁም። ኖቫቫክስን ብዙ ሰው ቪኤልፒ ይለዋል፣ ትክክል አደለም፣ በነፍሳት ሴል የተመረተ ሙሉ ስፓይክ በዲተርጀንት እምብርት ዙሪያ ተሰባስቦ ነው፣ ለብቻው ሌላ ምድብ ነው።

አሁን ሴሉ። የሰው ሴል፣ ኤችኢኬ 293፣ ለሙሉ ቪኤልፒ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፣ ስፓይክ ላይ በአንዱ ሰንሰለት 22 የስኳር መለጠፊያ ቦታ አለ፣ በሶስቱ 66፣ ያ ስኳር በትክክል የሚለጠፈው በሰው ሴል ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ሚዲያው፣ ሴረሙ፣ የካርቦንዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተሩ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ቶሎ ካልተነሳ ደግሞ የሳምንት ስራ ይሄዳል። የነፍሳት ሴል በባኩሎቫይረስ (ነፍሳትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ጥሩ ምርት ይሰጣል፣ አራቱን ጂን በአንድ ባኩሎቫይረስ ማስገባት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ አይፈልግም፣ ሙቀቱም 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስኳሩ አጭርና የተለየ ይሆናል፣ እና ባኩሎቫይረሱ ራሱ ከቪኤልፒው ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። እርሾ ርካሽ ነው፣ ለአርቢዲ በጣም አሪፍ ነው፣ የህንዱ ኮርቤቫክስ በፒኪያ እርሾ ነው የተሰራው፣ ግን ለሙሉ ስፓይክና ለሊፒድ ፓርቲክል አልመክርም፣ ማኖዝ የሚባለውን ስኳር ያበዛበታል። ኢ ኮላይ ይሄን ስኳር ስለማይለጥፍ ለስፓይክ ተዉት፣ ለኤን ግን ይሆናል።

እጽዋቱን ሰው ይንቀዋል፣ አትናቁት። ቤንታሚያና ዘሩ ከተገኘ መብራትና አፈር ነው የሚፈልገው፣ ጂኑን አግሮባክቴሪየም በሚባለው ጂን ወደ እጽዋት በሚያስገባ ባክቴሪያ ቅጠሉ ውስጥ በስሪንጅ መርጨት ይቻላል፣ በቀናት ውስጥ ፕሮቲን ታያላችሁ። በጀቱ ለጠበበ ላብ፣ ስፓይክ ብቻ ለሚይዝ ፓርቲክል፣ እኔ ብሆን ከሰው ሴል በፊት እሱን ነው የምሞክረው።

ማረጋገጫው ላይ ረጅም ማውራት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ፔፐር የሚወድቀው እዚ ላይ ነው። ሱፐርናታንት ማለትም ሴሉ ያደገበት ፈሳሽ ውስጥ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በጄል የሚለይበት ሙከራ) ስፓይክ ታየ ማለት ቪኤልፒ አለ ማለት አደለም። ሴሎች ሁሌም ኤክሶዞም የሚባሉ ትንንሽ የሊፒድ ከረጢቶች ይለቃሉ፣ መጠናቸው ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር፣ ቪኤልፒውም 100 አካባቢ ነው፣ ስፓይክም ኤክሶዞም ላይ ተለጥፎ ይወጣል። በመጠን የሚለካ ማሽን ብቻ ይዛችሁ "100 ናኖሜትር አገኘን" ብትሉ ማንም አያምናችሁም። የሚያሳምነው በሱክሮዝ ግራዲየንት ስታወርዱት ኤስ፣ ኤም፣ ኢና ኤን አንድ ላይ በአንድ ፍራክሽን ውስጥ ሲገኙ ነው። ከዛ ደግሞ ያንን ፍራክሽን ፕሮቲን በሚበላ ኢንዛይም አንዴ ያለ ዲተርጀንት አንዴ ከዲተርጀንት ጋር አስኪዱት፣ ኤን ሜምብሬኑ ውስጥ ካለ ያለ ዲተርጀንት ይተርፋል፣ ዲተርጀንት ሲገባ ይበላል። ይሄ ርካሽ ሙከራ ነው፣ ግን ከአስር ፎቶ በላይ ያሳምናል።

ዌስተርኑ ላይ ራሱ ሰው የሚቸገርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ኤምን እንደሌላው ፕሮቲን 95 ዲግሪ ካፈላችሁት እርስ በርሱ ይጣበቅና ጄሉ አናት ላይ ተሰንጎ ይቀራል፣ ባንዱ ይጠፋል፣ እና "ኤም አልተመረተም" ትላላችሁ፣ ስለዚ ሳታፈሉ ዝቅ ባለ ሙቀት አዘጋጁት። ኢ ደግሞ 8 ኪሎዳልተን አካባቢ ስለሆነ በተለመደው ጄል ሮጦ ይወጣል፣ ትራይሲን ጄል ተጠቀሙ፣ ሜምብሬኑም ቀዳዳው ትንሽ የሆነውን።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ኔጌቲቭ ስቴይን ላይ ፈዘዝ ያለ ክብና ዙሪያውን 20 ናኖሜትር ገደማ ወጣ ያለ ስፓይክ ትፈልጋላችሁ። ሚዲያ ላይ እንደሚሳለው ጥቅጥቅ ያለ አደለም፣ እውነተኛው ቫይረስ ላይ እንኳን በአማካይ 25 አካባቢ ስፓይክ ነው የተቆጠረው፣ ስለዚ ራሰ በረሀ ቢመስላችሁ ወዲያው ከሽፏል አትበሉ። ባኩሎቫይረስ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ወደ 300 ናኖሜትር የሚጠጋ ዘንግ መሳይ ነገር መሀል ላይ ታያላችሁ፣ እሱ ራሱ ባኩሎው ነው፣ ሳይጠራ እንስሳ ላይ ከወጋችሁት የምታዩት የኢሙን ምላሽ የቪኤልፒው ይሁን የባኩሎው አይታወቅም።

ማስቀመጥ ላይ፣ ሊፒድ ያለው ሁሉ ደጋግሞ መቀዝቀዝና መቅለጥ አይወድም፣ ስፓይኩ ይረግፋል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ፣ ሱክሮዝ ወይ ትሬሀሎዝ ጨምራችሁ አስቀምጡ፣ አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ። ስድስት ፕሮሊን የገባበት ሄክሳፕሮ የሚባለው የቴክሳሱ ስፓይክ ሙቀትና መቅለጥን በተሻለ ይችላል፣ ምርቱም ብዙ ነው፣ ለክትባት ከሆነ እሱን ያዙ። የመግባት ሙከራ ለምትሰሩ ግን አይሆናችሁም፣ እንዳይታጠፍ ተደርጎ የተቆለፈ ስፓይክ ሜምብሬን አያዋህድም፣ ሴል ውስጥ አይገባም፣ ለዛ ሙከራ ያልተነካውን ተጠቀሙ።

አገር ቤት ለምትሰሩ ደግሞ፣ ቪኤልፒ አይበክልም ማለት ፈቃድ አይጠየቅበትም ማለት አደለም። የተቋማችሁ የባዮሴፍቲ ኮሚቴ አለ፣ ከዛ በላይ የደህንነተ ህይወት አዋጅ ቁጥር 655 እና ማሻሻያው 896 ልውጥ ህያዋንን የሚመለከቱ ናቸው፣ ጂን የተቀየረበት ባኩሎቫይረስ ወይ አግሮባክቴሪየም እዛ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ስለዚ አድቫይዘራችሁን ይዛችሁ ስራው ሳይጀመር ጠይቁ፣ ወረቀቱ ከሙከራው በላይ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ፕላዝሚዶቹን በተመለከተ የእነ ዳውድና ቪኤልፒ ፕላዝሚዶች አድጂን የሚባለው የፕላዝሚድ ማከማቻ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባክቴሪያ ውስጥ ሆነው በአጋር ቱቦ በክፍል ሙቀት ነው የሚላኩት፣ መንገድ ላይ በረዶ አይፈልጉም። ቱቦው እንደደረሰ ግን አታሳድሩት፣ ያኔውኑ ፕሌት ላይ ዘርታችሁ ግሊሰሮል ስቶክ ስሩና ፕላዝሚዱን አውጥታችሁ ሲኩዌንስ አስደርጉ።